የገደል ማሚቶ በሣጥን ውስጥ
ስለ ዲጂታል የኢኮ መሣሪያ አጠቃቀም አጭር ትምህርት

ለማስተማር ልምምድ ደብረ ሲና በሰነበትንበት ጊዜ በአንድ አንደኛ ደረጃ ት/ቤት የወላጆች ቀን ሲከበር የድምፅ መሣሪያው ኃላፊነት ለእኛ ለሠልጣኞቹ ተሰጠን። ሞንታርቦውን ግቢው ዳር አቆምን፤ ሚክሰሩን ዘረጋን፤ የኢኮ ሣጥኑንም አገናኘን። የልጆቹ መዝሙር በጣም አማረ፤ እኛም ደስ አለን።

ቀጥሎ አንድ መምህር የድጋሚ ፈተናውን ቀን ተናገሩ። «ፈተናው የሚሰጠው ማክሰኞ ነው» ነበር ያሉት። ከቆላ የመጡ አንድ አባት ግን «ሰኞ» ብለው ሰሙ። ሰኞ ልጃቸውን ይዘው ያን ሁሉ ዳገት ወጡ፤ ማንም የለም። ፈተናው ቀርቷል ብለው ተመለሱ፤ ማክሰኞ ልጁ ሳይመጣ ቀረ። መምህሩ በሌላ ቀን ለብቻው ባይፈትኑት ኖሮ የዓመት ድካሙ ሊባክን ነበር። አባትየው በኋላ ሲያገኙን፦ «ልጆቼ፤ ማሽናችሁ ሁለት ሁለት ጊዜ ይናገራል፤ እኛ ግን አንዱንም አልሰማን» አሉን። «አባባ ይቅርታ ያድርጉልን» ከማለት በቀር መልስ አልነበረንም።

ታዲያ ጥፋቱ የማሽኑ ነው? አይደለም፤ የአገናኙ ነው። ሌላው ጓደኛችን ይህ እንዳይደርስበት የተማርነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

1. ኢኮ ምንድን ነው?

ኢኮ የምንለው አገራችን የገደል ማሚቶ የምትለውን ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። 85 ሜትር ርቆ ከቆመ ገደል ፊት ለፊት ብንጣራ ድምፃችን 85 ሄዶ 85 ይመለሳል፤ በድምሩ 170 ሜትር ነው። ስለዚህ በግማሽ ሴኮንድ ይደርሰናል። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) በተሠራው የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ግን ግድግዳው ቅርብ ነው። የሚመለሰው ድምፅ ብዙና የተደራረበ ስለሆነ አንድ ረጅም ጉምጉምታ ይሆናል። ይህኛው ሪቨርብ ይባላል።

2. ሣጥኑ ምን ይሠራል?

ድምፁን ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ ቁጥሩን ያስቀምጣል፤ ቆይቶ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። በሴኮንድ 48,000 ጊዜ የሚለካ መሣሪያ ግማሽ ሴኮንድ ለማዘግየት 24,000 ቁጥር ይይዛል ማለት ነው። ቀድሞ ይህ ቀላል አልነበረም። በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢ.ኤም.ቲ. 140 የተባለው የጀርመን መሣሪያ ሪቨርብ የሚፈጥረው ትልቅ የብረት ዝርግ እያንቀጠቀጠ ነበር። ይኸው ኩባንያ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኢ.ኤም.ቲ. 250 ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ዲጂታል የሪቨርብ መሣሪያዎች አንዱ ነው።

3. ሦስቱ ዋና ቁልፎች

ሀ) ዲሌይ፦ ድምፁ ከስንት ጊዜ በኋላ ይመለስ? ገደሉን ማራቅና ማቅረብ ማለት ነው።
ለ) ፊድባክ፦ ስንት ጊዜ ይደጋገም? ሲበዛ ማቆሚያ የለውም።
ሐ) ሚክስ፦ ከደረቁ ድምፅና ከኢኮው የቱ ይብዛ?

4. ድምፁ በየት በኩል ይሂድ?

ዋናው ትምህርት ይህ ነው። ሁለት መንገድ አለ። የሸዋ ሮቢትን መስኖ ያየ ሰው በቀላሉ ይገባዋል።

አንደኛው፣ ውሃው ሁሉ በአንድ ቦይ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። እኛ ሣጥኑን ከሚክሰሩ መውጫና ከአምፕሊፋየሩ መሐል ነበር የሰካነው። ስለዚህ መዝሙሩም፣ ንግግሩም፣ ማስታወቂያውም ሳይወዱ በግድ ኢኮ ጠጡ።

ሁለተኛው፣ ዋናው ውሃ መንገዱን እንደያዘ ከእሱ በቅርንጫፍ መቅዳት ነው። ከሚክሰሩ የኤፌክት መላኪያ ወደ ሣጥኑ መግቢያ አንድ ገመድ እንዘረጋለን፤ ከሣጥኑ መውጫ ወደ ሚክሰሩ መመለሻ ሌላ ገመድ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ማይክራፎን የራሱ መላኪያ ቁልፍ ይኖረዋል። የመዘምራኑን እንከፍታለን፤ የተናጋሪውን ዜሮ ላይ እንዘጋለን። በቃ!

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቅርንጫፍ ሲሆን የሣጥኑ ሚክስ ሙሉ በሙሉ ኢኮ ላይ ይሁን፤ ደረቁ ድምፅ በዋናው መንገድ እየሄደ ነውና። ሌላው፣ የተመለሰው ኢኮ እንደገና ወደ ሣጥኑ እንዳይላክ፤ ከተላከ ዙሪያ ጥምጥም እየዞረ ያፏጫል።

5. አማርኛና ኢኮ

እኛ ዲሌዩን ግማሽ ሴኮንድ አድርገን ነበር። «የሚሰጠው» የሚለው ቃል ዘግይቶ ተመለሰና «ማክ» ላይ ወደቀበት፤ የቀረው «ሰኞ» ብቻ ሆነ። ቋንቋችን ደግሞ የሚጠብቅና የሚላላ አለው። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፤ ሲጠብቅ ይገኛል። ልዩነቱ እኮ ተነባቢው ላይ የምንቆይባት ጥቂት ጊዜ ናት። ያቺን ጊዜ ኢኮ ከሞላት አድማጩ በምን ይለያል? በዚያ ላይ በተራራ ሥር ያለ ግቢ የራሱ ማሚቶ ሊኖረው ይችላል።

6. ከመጀመራችን በፊት

የቃል ጽሕፈት እናድርግ። አንድ ተማሪ ከሰው ሁሉ ኋላ ደብተር ይዞ ይቁም። እኛ በማይክ «ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት» እያልን እናንብብ፤ እሱ ይጻፍ። የጻፈው ከተባለው ካልገጠመ የምናስተካክለው መሣሪያውን እንጂ ልጁን አይደለም። ከሚክሰሩ አጠገብ ቆሞ «ጥሩ ነው» ማለት አይበቃም፤ እኛም ያን ቀን ያልነው ይህንኑ ነበር።

መምህር የሚናገረው እንዲሰማለት ነው። ኢኮ ለመዝሙር ጌጥ ነው፤ ለማስታወቂያ ግን እንቅፋት ነው። ነገ በየተመደብንበት ት/ቤት የሚኒ ሚዲያውን ቁልፍ ስንይዝ ዳገቱን በከንቱ የወጣውን ያንን ልጅ እናስታውስ።