ፓይተን «ሞጁሉ የለም» ሲለን ምን እናድርግ?

የካምፓችንን የውሃ ቦኖዎች፣ ክሊኒኩንና ትምህርት ቤቱን በካርታ ላይ ለማስፈር ጂኦፓንዳስ የተባለው የፓይተን ላይብረሪ ያስፈልጋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ «ኖ ሞጁል ኔምድ ጂኦፓንዳስ» የሚል መልእክት ይመጣል። ትርጉሙ «በዚህ ስም የሚጠራ ሞጁል አላገኘሁም» ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ተበላሸ ማለት አይደለም። ወላጆችም ይህን ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን፤ ልጁ የጋራውን ዕቃ ሰበረ ተብሎ ሊቆጡት አይገባም።

መልእክቱ በመጣ ቁጥር ያንኑ ላይብረሪ ደጋግሞ ማውረድ በገንዘብ የተገዛውን ኢንተርኔት ይጨርሳል እንጂ ስህተቱን አያስወግድም። አስቀድመን የመልእክቱን የመጨረሻ መስመር እናንብብ፤ የጠፋው ስም እዚያ ተጽፏል። ከዚያ ቀጥሎ ካሉት አራት ምክንያቶች የትኛው እንደሆነ እንለይ።

ማሳሰቢያ፦ ትእዛዞቹ እዚህ በድምፃቸው ቀርበዋል። ኮምፒውተሩ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ይጻፋሉ።

1ኛ. ሁለት ፓይተን ሲኖር። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ከአንድ በላይ ፓይተን ሊኖር ይችላል። ላይብረሪው ለአንዱ ተጭኖ ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ሌላው ከሆነ አይገናኙም። ደብዳቤያችን ሞክሼ ጎረቤት ቤት እንደ መግባቱ ነው። ስለዚህ «ፓይተን ሰረዝ ኤም ፒፕ ኢንስቶል ጂኦፓንዳስ» ብላችሁ ጫኑ፤ ፕሮግራማችሁንም በዚያው ፓይተን አስኪዱ።

2ኛ. ስሙ ሲለያይ። አንዳንድ ላይብረሪ የሚጫንበት ስም ሌላ፣ በፕሮግራም ውስጥ የሚጠራበት ስም ሌላ ነው። ጂዳል ተብሎ የሚጫነው «ኦስጂኦ» ተብሎ ይጠራል። ፓይሼፕ ተብሎ የሚጫነው ደግሞ «ሼፕፋይል» ይባላል። ስለዚህ «ኦስጂኦ የለም» ከተባላችሁ የጎደለው ጂዳል ነው።

3ኛ. የራሳችን ፋይል ሲጋርደው። ፕሮግራማችሁን «ሻፕሊ» ብላችሁ ካስቀመጣችሁት፣ ፓይተን እውነተኛውን ሻፕሊ ትቶ የእናንተን ፋይል ይከፍታል። የፋይሉን ስም ለውጡ፤ ለምሳሌ «ቦኖ» በሉት።

4ኛ. ጉልቻው ሲጎድል። ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ እንደሚጣድ ሁሉ ጂኦፓንዳስም በሦስት ላይብረሪዎች ላይ ይቆማል። ጂዳል የካርታ ፋይሎችን ያነባል፣ ይጽፋል። ጂኦስ ቅርጾችን ያሰላል። ፕሮጅ የቦታ መለኪያዎችን ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው ይለውጣል። እነዚህ የተጻፉት በፓይተን ሳይሆን በሲና በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋዎች ነው። ስለዚህ ለየኮምፒውተሩ ዓይነት ተፈጭተው መቅረብ አለባቸው። ተፈጭቶ የቀረበው ጥቅል «ዊል» ይባላል፤ እንደ ዱቄት ነው። ፒፕ ዊል ካጣ ጥሬውን እህል አምጥቶ እዚሁ ልፍጭ ይላል፤ ወፍጮው ከሌለ ረጅም የስህተት ጽሑፍ ይከተላል። መፍትሔው መጀመሪያ ፒፕን ማደስ ነው፤ አሮጌ ፒፕ አዳዲስ ዊሎችን ላያውቃቸው ይችላልና። ፓይተኑ ገና የወጣ ከሆነ ደግሞ ዊል ላይዘጋጅለት ስለሚችል አንድ እርከን ዝቅ ያለውን ተጠቀሙ። ጂዳልን ራሱን የፈለገ ሰው በኮንዳ ቢጭነው ይቀለዋል፤ ኮንዳ የተፈጨውን ያመጣልና።

ኢንተርኔት ለሌለበት ክፍል፦ ኢንተርኔት ባለበት አንድ ኮምፒውተር ላይ «ፓይተን ሰረዝ ኤም ፒፕ ዳውንሎድ ጂኦፓንዳስ» በሉ። ጂኦፓንዳስና የሚፈልጋቸው ላይብረሪዎች በሙሉ ይወርዳሉ። በፍላሽ ወደ ክፍሉ ኮምፒውተር ውሰዷቸው። ፍላሹ ውስጥ ያለውን ፎልደር ከፍታችሁ «ፓይተን ሰረዝ ኤም ፒፕ ኢንስቶል ሁለት ሰረዝ ኖ ሰረዝ ኢንዴክስ ሁለት ሰረዝ ፋይንድ ሰረዝ ሊንክስ ነጥብ ጂኦፓንዳስ» ብላችሁ ጫኑ። «ነጥብ» ማለት «እዚሁ ፎልደር ውስጥ ፈልግ» ማለት ነው። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ግን አንድ ዓይነት ኦፐሬቲንግ ሲስተምና አንድ ዓይነት የፓይተን እርከን ሊኖራቸው ይገባል። በዚህ ዘዴ አንድ ጊዜ የተገዛ ኢንተርኔት ለክፍሉ ሁሉ ይዳረሳል።

መልመጃ
ሀ/ «ሼፕፋይል የለም» የሚል መልእክት ቢመጣ ምን ትጭናላችሁ?
ለ/ ላይብረሪው «ተጭኗል» ተብሎ ሳለ ፕሮግራሙ «የለም» ቢል፣ ከአራቱ ምክንያቶች የትኞቹን ትጠረጥራላችሁ? ለምን?
ሐ/ ሦስቱን ጉልቻዎች ከነሥራቸው ለወላጆቻችሁ በቃል አስረዱ።