ለእንስሳት የሚተርፍ የልብስ ሥራ፦ ከባሮ ዳርቻ ለሚጀምሩ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ቲሸርት አሳትሞ መሸጥ አዲስ ነገር አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ለስብሰባ ያሳትማል፣ ወጣቱ ለበዓል ያሳትማል። ከሽያጩ ላይ እየተቆረጠ እንስሳትን ለማዳን የሚውል ልብስ ግን የራሱ ሒሳብና የራሱ ጥንቃቄ አለው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሥዕሉ ላይ ሳይሆን ለደንበኛው በሚገቡት ቃል ላይ ነው።

1. ገንዘቡ ማን እጅ እንደሚገባ አስቀድመው ይወስኑ

“እንስሳትን እንረዳለን” ማለት ብቻውን አይበቃም። ሐሳብዎ የከተማዋን ውሾች የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስከተብ ከሆነ የሚነጋገሩት ከእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ጋር ነው። ሊረዱ ያሰቡት የዱር እንስሳትን ከሆነ የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤትን ያነጋግሩ። ከሕገወጥ ነጋዴ እጅ የተያዙ እንስሳትን ተቀብሎ የሚንከባከብ ማዕከልም አለ፤ ሆለታ አቅራቢያ የሚገኘውና ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት የሚያስተዳድረው እንስሳ ኮቴ ነው።

የማንኛውንም ድርጅት ስም ወይም ዓርማ ከማተምዎ በፊት በጽሑፍ ይስማሙ። ገንዘቡ በየስንት ወሩ፣ በየትኛው የባንክ ሒሳብ፣ ለምን ሥራ እንደሚገባ ወረቀቱ ላይ ይስፈር።

አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ፦ ለሽያጭ የቀረበ የጦጣ ወይም የሚዳቋ ግልገል አሳዝኖዎት ገዝተው “አዳንኩት” አይበሉ። ግልገሉን ለመያዝ እናቲቱ ብዙ ጊዜ ትገደላለች፤ ሻጩም የእርስዎን ገንዘብ ይዞ ሌላ ፍለጋ ይመለሳል። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝና መነገድ በሕግ የተከለከለ ነው። ያዩትን ለፓርኩ ወይም ለፖሊስ ያሳውቁ። ከእንዲህ ያለ ግልገል ጋር የተነሳ ፎቶም ለማስታወቂያ አይጠቀሙ።

2. ቃልዎን በብር ይግቡ

“ከትርፉ 10 በመቶ” የሚለው አባባል ለደንበኛ አይጨበጥም፤ ትርፉ ስንት እንደሆነ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነውና። “ከሽያጩ 10 በመቶ” ደግሞ ሥራውን ሊያደቀው ይችላል። በምሳሌ እንየው፤ ዋጋዎቹ ለስሌት ያህል የተቀመጡ ናቸውና በራስዎ ይተኳቸው።

ያልታተመ ቲሸርት 400 ብር፣ ሕትመት 90፣ መለያና ማሸጊያ 25፣ ማጓጓዣ 20፤ ድምር 535 ብር። ከመቶው አምስቱ ተበላሽተው ቢወድቁ በእያንዳንዱ ላይ 27 ብር ገደማ ይጨመርና 562 ይሆናል። መሸጫውን 850 ብር ብለውታል እንበል። የሆቴል ሱቅ ተቀብሎ ሲሸጥልዎ 20 በመቶ፣ ማለትም 170 ብር ቢወስድ ለእርስዎ የሚቀርዎ 118 ብር ነው። ከዚህ ላይ የሽያጩን 10 በመቶ፣ 85 ብር፣ ለእንስሳት ከሰጡ በእጅዎ 33 ብር ብቻ ይቀራል። ኪራይ፣ ስልክና ግብር ገና አልተነሱም። ቃልዎ “ከእያንዳንዱ ቲሸርት 40 ብር” ቢሆን ግን 78 ብር ይቀርልዎታል፤ ደንበኛውም በትክክል የሚያውቀው ቁጥር አለው።

አርባውን ብር ልብሱ በተሸጠበት ዕለት ወደ ተለየ የባንክ ሒሳብ ያስገቡ። ወር እስኪሞላ ከሥራ ማስኬጃው ጋር የቆየ ገንዘብ ለጨርቅ መግዣ ይውላል፤ ክፋት ኖሮ ሳይሆን ገንዘቡ እዚያው ስለነበረ ነው። ደረሰኝ ሲቆርጡም ሙሉውን 850 ብር ይጻፉ፤ ለእርዳታ የሚውለው ብር ከሽያጭ መዝገብ ውጭ አይደለም።

የመዋጮ ሣጥን ሱቅዎ ውስጥ አያስቀምጡ። ከሕዝብ መዋጮ መሰብሰብ የነጋዴ ሥራ አይደለም፤ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለተመዘገበ ድርጅት ይተዉት። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ንግድ ስትመሠርት መነሻዋ ገበያ ያጡ የአገር ቤት ሸማኔዎች ነበሩ፤ የልብስ ንግዱና ለምለም ፋውንዴሽን ግን ሁለት የተለያዩ ተቋማት ናቸው። አነስተኛ ነጋዴም ይህን መለየት ሊማር ይችላል።

3. ጨርቁን ለጋምቤላ ሙቀት ይምረጡ

በየካቲትና በመጋቢት ፀሐይ ወፍራም ቲሸርት የሚለብስ የለም። ሙሉ ጥጥ ሆኖ በካሬ ሜትር ከ140 እስከ 160 ግራም የሚመዝን ይጠይቁ። አዲስ አበባ ላይ መቶ ከማዘዝዎ በፊት ሁለት ናሙና ያስመጡ። አንዱን ሳይታጠብ ያስቀምጡ፤ ሌላውን አምስት ጊዜ አጥበው ፀሐይ ላይ ያድርቁ። ከዚያ ሁለቱን አነባብረው ርዝመታቸውን ይለኩ። ሁለት ጣት ያህል ካጠረ፣ የጎኑ ስፌት ወደ ፊት ከዞረ ወይም ሕትመቱን በእጅዎ ሲወጥሩት ከተሰነጠቀ አታሚውን ወይም ጨርቁን ይቀይሩ።

ክረምት ሲገባ የባሮ ወንዝ ይሞላል፣ መንገዱም ያስቸግራልና ዕቃ ሊዘገይ ይችላል። ለኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን የሚሆነውን ዕቃም ለማስገባት የመጨረሻውን ሳምንት አይጠብቁ።

4. ሥዕሉ የዚህ አገር እንስሳ ይሁን

በጋምቤላና በደቡብ ሱዳኑ ቦማ መካከል በየዓመቱ በመንጋ የሚሰደደው ነጭ ጆሮ ቆርኬ የአካባቢው ልዩ መታወቂያ ነው። ጎልማሳው ወንድ ወደ ጥቁር ያደላ ቡናማ ነው፤ ጆሮውና የዓይኑ ዙሪያ ነጭ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የታጠፈ። ሴቷ ቀንድ የላትም፣ መልኳም ቀላ ያለ ነው። ከኢንተርኔት የወሰዱትን የሌላ አገር አጋዘን ካሳተሙ እዚህ ያደገ ሰው ገና ሲያየው ያውቅብዎታል። የአካባቢ ሠዓሊ ይቅጠሩ፤ ሥዕሉን የመጠቀም መብት ለእርስዎ መተላለፉንም በውል ይጻፉ።

የአኙዋና የኑዌር የጨሌ ሥራ ልብስዎ ላይ እንዲገባ ከፈለጉ ጨሌውን ከሚሠሩት ሴቶች ይግዙ፤ ንድፉን ፎቶ አንስቶ ማሳተም አይገባም። ቆዳ፣ ጥርስና ላባ ከዱር እንስሳ ፈጽሞ አይጠቀሙ።

5. ስምና ፈቃድ

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ምዝገባና የንግድ ፈቃድ ያውጡ። ፈቃዱ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ይታደሳል። የንግድ ምልክትዎን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያስመዝግቡ፤ ጥበቃው ለሰባት ዓመት ነው፣ ይታደሳልም። የቦታ ስም ብቻውን፣ ለምሳሌ “ባሮ” ብቻ፣ ለማስመዝገብ ያስቸግራልና ሌላ መለያ ቃል ይጨምሩበት።

6. የመጀመሪያው ደንበኛ

ሱቅ ከመከራየትዎ በፊት ቲሸርትና ኮፍያ አዘውትረው የሚያሳትሙ መሥሪያ ቤቶችንና የእርዳታ ድርጅቶችን ያነጋግሩ። ሠላሳ ቲሸርት የሚያዝ አንድ ቢሮ፣ በየተራ ከሚመጡ ሠላሳ ገዢዎች ይልቅ ወጪዎን ያቀልልዎታል። ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ ይቀበሉ።

በየሦስት ወሩ አንድ ገጽ ወረቀት ሱቁ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፦ ስንት ልብስ ተሸጠ፣ በአርባ ብር ሲባዛ ስንት መጣ፣ የባንክ ማስተላለፊያው ደረሰኝ ቅጂ፣ ገንዘቡ የዋለበት ሥራ። የሽያጩ ቁጥር ዝቅ ያለበት ሩብ ዓመትም ይለጠፋል።