ሚጡ በአይሱዙ (ድመት ይዞ ረጅም መንገድ ስለመሄድ)

ከ7ኛ «ለ» ክፍል

ብዙዎቻችሁ «ድመት ይዛ የመጣችው ልጅ» ስለምትሉኝ ክበባችን «በቃ እሱኑ ጻፊልን፣ ግን ትምህርት ይኑረው» አለኝ። እኔም የሆነውን ከነምክንያቱ ጽፌላችኋለሁ። ያልገባኝን የሳይንስ መምህራችንን ጠይቄያለሁ።

አባዬ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲዛወር ቀድሞን ሄደ። በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት የቤት ዕቃችን በሙሉ አይሱዙ ላይ ተጫነና እኔና እማዬ ጋቢና ገባን። በውጭ አገር አልጋም ምድጃም ውስጡ ያለው፣ ሰው እየኖረበት የሚጓዝበት መኪና በቴሌቪዥን አይቻለሁ። የእኛም ቤት ያው ከኋላችን ሸራ ለብሶ ይከተለን ነበር፤ ልዩነቱ ሻይ ማፍላት አለመቻላችን ነው።

ሚጡስ የት ትግባ? አያቴ «መንገዱን እንዳታይ በጆንያ ክተቷት፤ ካየች ተመልሳ ትመጣለች» አለች። አፉን በሲባጎ አስረን እግሬ ሥር አስቀመጥናት። ጠዋት ደግሞ አዝኜላት ወተት እስክትጠግብ አጠጥቻታለሁ። ሁለቱም ስሕተት ነበር። ጫንጮ ሳንደርስ አስመለሰች። ድመትም እንደ እኛ ጆሮዋ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቅ ክፍል አላት። መኪናው ሲወዛወዝ ጆሮዋ «እየሄድሽ ነው» ይላታል፤ ዓይኗ ግን ጆንያውን ብቻ ያያል። ሁለቱ አልስማማ ሲሉ ሆድ ይረበሻል። ስለዚህ ድመት ከመንገድ በፊት ለሦስት ወይም ለአራት ሰዓት ያህል ባትበላ ይሻላል። ውኃ ግን አይከለከልም።

ከሱሉልታ ጀምሮ ግራና ቀኙ እርሻ ነው። ሣሩ ታጭዶ ተከምሯል፤ ከሙከጡሪ ወዲያ ደግሞ ጤፍና ስንዴው። እኔ ግን ዓይኔ ጆንያው ላይ ስለነበር ብዙ አላየሁም።

ጎሐ ጽዮንን አልፈን የዓባይን በረሃ ቁልቁለት ስንጀምር ጆሮዬ ድፍን አለ፤ ምራቄን ስውጥ ተከፈተ። ከላይ እስከ ወንዙ ከፍታው ከ1000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ዝቅ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ስለሚበዛ የጆሯችንን ታምቡር ይጫነዋል። ሚጡም ታምቡር አላት፤ ጮኸች፣ ጮኸች። በማኅበራዊ ሳይንስ እንደተማርነው ደግሞ 1000 ሜትር ዝቅ ሲባል ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይጨምራል። ላይ ጋቢ ደርበን ነበር፤ ታች ጋቢው ተጣለ። ሚጡ ግን ጋቢዋን የት ትጥለዋለች? ፀጉሯ ነው።

ድልድዩ ጋ ስንቃረብ ጩኸቷን አቆመች። እኔማ ተኛች ብዬ ደስ አለኝ። እማዬ ናት «ኧረ ዝምታዋ አላማረኝም፣ ፍቺው!» ያለችው። ስፈታው አፏን ከፍታ እንደ ውሻ ታለከልካለች፣ ዓይኗ ፈጧል። ለውሻ ማለክለክ ልማዱ ነው። ድመት ካለከለከች ግን በጣም ሞቋታል ወይም በጣም ፈርታለች፤ ቶሎ ካልደረሱላት ልትሞት ትችላለች። ድመት የምታልበው በመዳፏ ነው። ስለዚህ ተሻግረን ጥላ ሥር ስንቆም እማዬ የነጠላዋን ጫፍ በውኃ አርሳ መዳፏንና ጆሮዋን አበሰችላት። ውኃ በግድ አፏ ውስጥ ማፍሰስ ግን አይገባም፣ ትን ይላታል። ደጀን ስንደርስ ትንፋሿ ተመለሰ። ጆንያውን ጣልነውና የሽንኩርት ቅርጫታችንን አራግፈን፣ የምትተኛበትን አሮጌ ሹራቤን አንጥፈን፣ ላዩን በነጠላ ሸፈንነው።

ግን ቅርጫቱን ማሰር ረሳሁ። ከደጀን ወዲያ ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ሲቆም በሩን ከፈትኩ፤ ሚጡ ዘለለች! መንገዱ ዳር አውድማ ነበር፤ በሬዎች ጤፍ ያበራያሉ። ጭዱ ክምር ውስጥ ገባች። «ውሮ! ውሮ!» እያልኩ ዞርኩ። ሾፌሩ «መሸ እኮ፣ እንሂድ» ይላል። አለቀስኩ። የአውድማው ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ «ተይ አትሩጪ ልጄ፣ በሮጥሽ ቁጥር ወደ ውስጥ ትገባለች። የራሷ የሆነ ነገር የላችሁም?» አሉኝ። ሹራቡን ክምሩ ሥር አንጥፈን ራቅ ብለን ተቀመጥን። ድመት ጉንጯን ዕቃ ላይ የምታሻሸው ጠረኗን ለመተው ነው፤ በማታውቀው ቦታ ጠረኗን ስታገኝ «ይሄ የእኔ ነው» ብላ ትረጋጋለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ወጣች፤ አይጥ ይዛ!

ሽማግሌው «እቺንስ ለእኔ ተዉልኝ፤ ጎተራዬን አይጥ ፈጀው» አሉ። ደነገጥኩ። እማዬ ስቃ «አባ፣ ከእሷ ልጄን ብሰጥዎት ይቀለኛል። ከወለደች ግልገሏን እናመጣልዎታለን» አለቻቸው።

ሳነሳት ክንዴን ቧጭራኝ ነበር። ድመት ከቧጨረች ወይም ከነከሰች ቁስሉን 15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይተላለፋልና። እኔም ሄጃለሁ።

አዲሱ ቤት እንደገባን ሁለት ሳምንት በር ዘግተንባት በአንድ ክፍል አስቀመጥናት፤ ቶሎ ከተለቀቀች የድሮ ቤቷን ልትፈልግ ትጠፋለች። በ15ኛው ቀን በሩን ከፈትኩ። አጥሩ ድረስ ሄደች፣ አሸተተች፣ ተመልሳ ሹራቤ ላይ ተኛች። አሁን ሆዷ ገፍቷል። እማዬ «የሽማግሌውን እንዳትረሺ» ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ለግልገሏ የሚሆን፣ ክዳን ያለው ቅርጫት እየፈለግሁ ነው።