የአኩሪ አተር ሰም ሻማና የቤት ውስጥ የእሳት ጥንቃቄ፦ ከአርሲ ደጋ አንጻር

መብራት በሚቋረጥበት ምሽት ሻማ የሚለኮስበት የአሰላ ቤት ከጥላሸትም ከቃጠሎም ስጋት ነጻ አይደለም። የአኩሪ አተር ሰም «ንጹሕ» ነው የሚለው አስተያየት ከሁለቱ የትኛውን ያቃልላል?

ይህ ሰም የሚገኘው የአኩሪ አተር ዘይትን ከሃይድሮጅን ጋር በማዋሐድ እንዲረጋ በማድረግ ነው። ከነዳጅ ከሚወጣው ፓራፊን በታዳሽነቱ ይሻላል። በጥላሸት ረገድ ግን ልዩነቱ ከሚነገርለት ያነሰ ነው። ጥላሸት የሚበዛው ነበልባሉ አሟልቶ ከሚያቃጥለው በላይ ሰም ሲደርሰው ስለሆነ፣ የክሩ ርዝመትና የነፋስ ሽውታ ከሰሙ ዓይነት ይበልጥ ይወስናሉ። ክሩን ከመለኮስ በፊት ወደ 6 ሚሊ ሜትር ማሳጠር ለማንኛውም ሻማ ይበጃል።

አኩሪ አተር እንደ ፓዌ ባሉ ሞቃት አካባቢዎች እንጂ ስንዴና ገብስ በሚበቅልበት የአርሲ ደጋ የሚስማማው ሰብል አይደለም። ለደጋው የቀረበው ታዳሽ ሰም ጧፍ ሲሠራበት የኖረው የንብ ሰም ነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀልጥ፣ ለስላሳው የአኩሪ አተር ሰም ግን በ50 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ አብዛኛውን ጊዜ በብርጭቆ ወይም በጣሳ ውስጥ ይነዳል። በጸሐፊው ግምት ለቤት ደኅንነት የሚጠቅመው ሰሙ ሳይሆን ይህ ዕቃ ነው፤ በጠረጴዛ ላይ በቀለጠ ሰም ተጣብቆ የቆመ ሻማ ይወድቃል፣ ነዶ ሲያልቅም እሳቱ ወደ እንጨቱ ይደርሳል።

ሻማ ከመጋረጃና ከገለባ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ በሣር ክዳን ወይም በአቡጀዲ ኮርኒስ ሥር ርቀቱ ከዚህም ይጨምር። ከመተኛት በፊት ይጥፋ። በተቀጣጠለ ሰም ላይ ውኃ መድፋት እሳቱን ስለሚረጨው በክዳን ማፈን ይገባል።