«ተገኘች» የተባለችው ቤተልሔም

በዜና አጻጻፍ ትምህርታችን ብዙ ሳናስብ የምንጠቀምበት አንድ ግሥ አለ፤ «ተገኘ»። ስለ ጋይንቷ ቤተልሔም ሳነብ ይኼ ቃል ቆረቆረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የሚባል፣ ከኦክስፎርድ የተመረቀ ወጣት ወደ ጋይንት ዘለቀ። ቤተልሔም ከውጭ ሲያዩዋት እንደ ብዙዎቹ የአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ክብ ናት። ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ግን ክቡ ሕንፃ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አቅፎ ይዟል፤ ባለ አራት ማዕዘን፣ በጥርብ ድንጋይ የታነጸ፣ የመካከለኛው ዘመን ሥራ። ፓከንሃም ያየውን በ1959 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። በውጭ ሰዎች ጽሑፍም ግኝቱ የእሱ ሆነ።

እንዴ! ለማን ነው ጠፍታ የነበረው? ቤተልሔም እኮ የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ከጎጃም ከሸዋ፣ ከወሎ ከትግራይ ተማሪ በእግሩ እየጠየቀ ሲመጣባት የኖረች ቦታ ናት።

ድጓ የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ነው የሚባለው፤ የዓመቱን በዓላት ዜማ የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ነው። በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ይዜማል። ከቃሉ በላይ የሚጻፉት ጥቃቅን ምልክቶች ድምፁ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ ያስታውሳሉ። ያስታውሳሉ ነው ያልኩት፤ ለማያውቀው አያስተምሩም። ከመምህር አፍ ያልሰማ ሰው ብራናውን ቢገልጠው ዝም ይለዋል። ተተኪ ሳያፈራ መምህሩ ካለፈ፣ መጽሐፉ በሣጥን ተቀምጦ ዜማው ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። ድንጋዩ ቢያንስ ፎቶግራፍ አለው።

ስለዚህ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ፣ ዓመታት ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል። ከምዕራፍ ወደ ጾመ ድጓ፣ ከዚያ ወደ ድጓ ይሻገራል። በነባሩ ሥርዓት ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፋል፣ መምህሩ ያርሙለታል፤ ሲበቃ ይመሰከርለታል። (እኛ የአምስት ገጽ ሪፖርት ገልብጡ ስንባል ምን እንደምንል ታውቃላችሁ።)

የዜማው ስልት ራሱ በቦታው ስም «ቤተልሔም» ይባላል። ሌሎቹ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት ናቸው። ቆማ ሩቅ አይደለም፣ እስቴ ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የሚፈልግ ደግሞ እዚያው ጋይንት ዙር አምባ ይወጣል።

ክፍላችን አንድ ቀን ለመስክ ትምህርት ወደዚያ ከሄደ ካሜራውን ሌላ ሰው ይያዝ፤ መቅረጸ ድምፁን እኔ እሸከማለሁ።