የደሴቱን አጋቬ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ስለ መትከልና ስለ መንከባከብ

ከሜክሲኮ ምዕራባዊ ጠረፍ ወዲያ፣ በሰላማዊው ውቅያኖስ ውስጥ፣ ዝናም እምብዛም የማይጐበኛቸው ነገር ግን ከባሕሩ የሚነሣው ጉም እየደጋገመ የሚያለብሳቸው ሴድሮስ፣ ናቲቪዳድና ሳን ቤኒቶ የተባሉ ደሴቶች አሉ። በእነዚህ ደሴቶችና ከእነርሱ ፊት ለፊት ባለው የየብስ ጫፍ ካልሆነ በቀር በተፈጥሮው በሌላ ስፍራ የማይገኘው ዕፅ፣ ሊቃውንት አጋቬ ሴባስቲያና የሚሉት ነው። ቅጠሉ ሰፊና ወፍራም፣ መልኩ አመድ የነካው አረንጓዴ፣ ጠርዙ በጥቃቅን ጥርስ ጫፉም በአንድ ጠንካራ እሾህ የታጠረ ሲሆን፣ ዕድሜው ሲሞላ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሜትር ያህል ይሰፋል። በአገር ቤት በየአጥሩ ሥር ቃጫ ሲያይ ያደገ ሰው ዝምድናቸውን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም፤ ገመድ የሚፈተልበት ቃጫም ከሜክሲኮ ምድር የመጣ የዚሁ ነገድ አባል ነውና።

ይህን ዕፅ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ለዓለም ያስታወቀው ኤድዋርድ ሊ ግሪን፣ ቀድሞ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበረና ኋላ ዘመኑን ለጥበበ ዕፅዋት የሰጠ ሊቅ ነበር። ከ1895 እስከ 1904 ዓ.ም. በዋሽንግተን በካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ አስተምሮ፣ በ1915 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ዐርፏል። ዩኒቨርሲቲው ያለበት የብሩክላንድ ጣቢያ በቀዩ የሜትሮ መስመር ከሲልቨር ስፕሪንግ ሦስተኛው ፌርማታ ስለሆነ፣ ብዙዎቻችን ጧት ማታ የምናልፈው በዚህ ዕፅ አባት ደጃፍ መሆኑን ማወቅ ደስ ያሰኛል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ ይቅደም። በየቤታችን መስኮት ላይ እሬት ተተክሎ፣ እናቶችና እኅቶች ቅጠሉን እየሰነጠቁ ለፊትና ለጸጉር ሲቀቡት ይታያል፤ አጋቬም በመልኩ ከእሬት ጋራ ስለሚመሳሰል ያንኑ የሚሞክር አይጠፋም። ይህ ፈጽሞ አይገባም። የእሬት ቅጠል ሲሰበር ልስልስ ዝልግልግ ነገር ሲወጣው፣ የአጋቬ ቅጠል ግን በውስጡ ጠንካራ ክር አለበት፤ ጭማቂውም በዓይን የማይታይ መርፌ መሰል ቅንጣት ያዘለ በመሆኑ ቆዳን ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ ውኃም ያቋጥራል።

መጀመሪያ ተክሉን ከየት እንደምናገኝ እንወስን። የሜክሲኮ መንግሥት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. እነዚህን ደሴቶች የተጠበቀ ክልል አድርጎ ያወጀ ስለሆነ፣ ከዱር የተነቀለ መሆኑ የሚጠረጠረውን ትቶ፣ ከዘር ወይም ከችግኝ ጣቢያ የተገኘውን መግዛት የሕሊናም የሕግም ግዴታ ነው። ትንሹን፣ በአንድ ጋሎን መትከያ የሚሸጠውን መምረጥ ይሻላል፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ አዲሱንም አየር ቶሎ ይለምዳል። ሲገዙ እምብርቱን፣ ማለትም አዲሶቹ ቅጠሎች ተጠቅልለው የሚወጡበትን መካከለኛውን ቀንበጥ፣ በጓንት ይዘው በቀስታ ወዘወዝ ያድርጉት፤ ጥብቅ ብሎ ከቆመ ጤነኛ ነው፣ ላላ ካለ ወይም ከሥሩ መጥፎ ሽታ ከሸተተ ግን በነጻ ቢሰጡዎትም አይውሰዱት።

ቀጥሎ መትከያውና አፈሩ ነው፤ የዚህ ተክል ሕይወትና ሞት የሚወሰነው በዚህ ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። መትከያው ያልተለበጠ ሸክላ፣ ከታቹም ቀዳዳ ያለው ይሁን፤ ስፋቱ ከሥሩ ክምችት ሦስት ወይም አራት ጣት ብቻ ይብለጥ፤ ከዚያ የሰፋ እንደ ሆነ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውኃ ይዞ ይቀመጣል። የሜሪላንድና የቨርጂኒያ መሬት በብዙው ስፍራ ውኃ የሚያቁር ሸክላማ አፈር ስለሆነ ከጓሮ ቆፍሮ መሙላት ተክሉን መግደል ነው። በከረጢት የሚሸጠውም የአበባ አፈር ብቻውን ውኃ መጥጦ የሚይዝ ነውና አይበቃም። አንድ እጅ ከዚያ የአበባ አፈር፣ ሁለት እጅ ደግሞ ፑሚስ የሚባለውን ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወይም ፐርላይት አድርጎ መቀላቀል ነው፤ እነዚህ ቢጠፉ በእንስሳት መኖ መሸጫ ለዶሮ የሚሸጠው ደቃቅ ጠጠር ያንኑ ሥራ ይሠራል። ድብልቁ መስማማቱን ለማወቅ መትከያውን ሞልቶ አንድ ጣሳ ውኃ ማፍሰስ ነው፦ አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ ሳያልቅ ውኃው ከታች መንጠብጠብ ከጀመረ አፈሩ ተስማምቷል፤ ካልሆነ ጠጠር ይጨመርበት። ከመትከያው ወለል ላይ ድንጋይ መደርደር የተለመደ ቢሆንም ጥቅም የለውም፤ እርጥበቱን ወደ ሥሩ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያስወግደውም።

ሲተከል ወፍራም ጓንት አድርጎ ቅጠሎቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ መያዝ ይበጃል። የሞተውንና የተበላሸውን ሥር ቆርጦ፣ አንገቱን ከአፈሩ ጥቂት ከፍ አድርጎ አቁሞ፣ ዙሪያውን በደቃቅ ጠጠር መሸፈን፤ ከዚያም የተቈረጠው ሥር ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ሳምንት ያህል ውኃ አለማጠጣት ነው። ሕፃናት በሚሮጡበት ቤት የእሾሁን ጫፍ በጥፍር መቁረጫ መቈንጠጥ ተክሉን አይጎዳም።

ወደ ውጭ የሚወጣበት ጊዜ ግንቦት ልደታ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ሚያዝያ ሞቃት ቀናት ሰውን ቢያታልሉም፣ በዚህ አገር ሌሊቱ በድንገት ውርጭ ሊጥል ይችላል፤ የግንቦት ልደታ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በሜይ 9 ሲውል ግን ውርጩ አልፏል ማለት ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጧት ፀሐይ ብቻ በሚያገኝበት ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ ክረምቱን በመስኮት ውስጥ የከረመ ቅጠል ወዲያው ለቀትር ፀሐይ ቢሰጥ ይቃጠላልና፣ ያ ነጭ ጠባሳም ቅጠሉ እስኪወድቅ ድረስ አይለቅም። ከለመደ በኋላ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰገነት ይስማማዋል። በአሌክሳንድሪያ ረጃጅም ሕንፃዎች፣ ለምሳሌ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሳውዘርን ታወርስ ያሉ ሰዎች፣ በሰገነት ላይ ምን እንደሚፈቀድ የኪራይ ውላቸውን አስቀድመው ይመልከቱ፤ በተፈቀደበትም ቢሆን ነፋስ እንዳይጥለው መትከያውን ከግድግዳው ሥር ማስጠጋት ይገባል።

ውኃን በተመለከተ አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። በትውልድ ደሴቱ ያለችው ጥቂት ዝናም የምትዘንመው በብርዱ ወራት ሲሆን፣ በጋው ደረቅና በባሕር ጉም የቀዘቀዘ ነው፤ በዋሽንግተን አካባቢ ግን ጁላይና ኦገስት ወበቃማ ከመሆናቸውም በላይ ከሰዓት በኋላ በነጐድጓድ የሚወርደው ዶፍ መትከያውን በአንድ ጊዜ ያጥለቀልቀዋል። ስለዚህ ተክሉ ፀሐይ የሚያገኝ ነገር ግን ዝናም የማይወርድበት የጣራ ክፈፍ ሥር ቢቀመጥ እጅግ ይሻላል። አፈሩ እስከ ታች ድረስ ሲደርቅ፣ ይህንንም በቀጭን የእንጨት ዘንግ ወግቶ ማወቅ ይቻላል፣ ያን ጊዜ ጠግቦ እስኪያፈስ ማጠጣት፤ ከዚያም ዳግመኛ እስኪደርቅ መተው ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ማርከፍከፍ ደግነት ይመስላል፤ እኔ ግን በዚህ አካባቢ ከውርጭ ይልቅ ብዙ አጋቬ የሚገድለው ይኸው ደግነት ነው እላለሁ። ከጀበናው የተረፈውን አተላ በየአበባው ሥር የመድፋት ልማዳችንም ለሌላው ተክል ይቈይ፤ አተላው እርጥበት ይይዛል፣ ይሻግታልም። ማዳበሪያ ከተፈለገ በሰኔ አንድ ጊዜ፣ በዕቃው ላይ ከተጻፈው መጠን ግማሹ ይበቃል።

ይህ ዕፅ ብርድን የሚታገሠው በጥቂቱ ነው፤ ከ25 ዲግሪ ፋራናይት በታች መውረድ ቅጠሉን ያበሰብሰዋል፣ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በፊት ይጎዳል። ሌሊቱ ወደ 40 ዲግሪ መውረድ ሲጀምር፣ ቢዘገይ እስከ ጥቅምት ሚካኤል፣ ወደ ቤት ይግባ። ከማስገባት በፊት በቅጠሎቹ ግርጌ እንደ ጥጥ ብናኝ ነጭ ሆኖ የሚጣበቅ ተባይ እንዳለ ማየት ያስፈልጋል፤ ከተገኘ ጥጥ በ70 በመቶ አልኮል ነክሮ እየጠረጉ ማስወገድ ነው። በቤት ውስጥ ስፍራው ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት፣ ከማሞቂያው አየር መውጫ የራቀና ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። ከኅዳር እስከ የካቲት ወር በገባ በ12 በሚካኤል ቀን አንድ የሻይ ብርጭቆ ውኃ ይበቃዋል፤ ቀኑ ቢረሳ፣ ሁለት ጊዜ ከማጠጣት ጨርሶ አለማጠጣት ይሻለዋል። ቅጠሎቹ እየቀጠኑና እየረዘሙ ከመጡ የጐደለው ብርሃን እንጂ ውኃ አይደለም፤ ለዚህም የተክል መብራት በቀን 12 ሰዓት ያህል ማብራት ይረዳል።

በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ከግንቦት በኋላ መትከያውን አንድ ደረጃ ማስፋት ነው። አበባውን ለማየት የሚቸኩል ሰው ሌላ ተክል ይፈልግ፤ ይህ አጋቬ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ረጅም ግንድ አውጥቶ ቢጫ አበባ ያብባል፣ ዘሩንም ሰጥቶ ይሞታል፤ በመትከያ ውስጥ ያለው ደግሞ ይህን ሳያሳይ ሊኖር ይችላል።

የበረሃ ዕፅዋትን ከመግዛቱ በፊት በአካል ማየት የሚወድ፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1820 ዓ.ም. ተመሥርቶ በካፒቶል ግርጌ የሚገኘውን የዩናይትድ ስቴትስ ቦታኒክ ጋርደን ይጐብኝ፤ መግቢያው በነጻ ነው፣ ለበረሃ ዕፅዋትም ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት የሌለው ነገር ግን ጥቂት ጓሮ ያለው አንባቢ ደግሞ የደሴቱን ዕፅ በጨለማ ቤት ከሚያሠቃይ፣ አጋቬ ቨርጂኒካ የተባለውን፣ በቨርጂኒያ በተፈጥሮው የሚበቅለውን፣ በብርድ ጊዜ ቅጠሉን ጥሎ በጸደይ ከሥሩ የሚነሣውን ታናሽ ዘመዱን፣ ውኃ በማይቋጥር ፀሐያማ ስፍራ ይትከል፤ ወደ ቤት ማስገባትም አያስፈልገውም።