በጦርነት ወቅት የሚሰጥ ድምፅ፦ ከዋግ ኽምራ እስከ ቨርጂኒያ

ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት አገረ ገዥዋን መረጠች። በዚያው ዕለት ፕሬዚዳንት ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል እንደሚያስወጡ አስታወቁ፤ በአዲስ አበባም የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደነገገ። ሰቆጣን ጨምሮ ሰፊው የዋግ ኽምራ ክፍል የጦርነት ቀጣና ነበር።

ቀድሞ ለዴሞክራቶች ያደሉ ከነበሩት የግዛቲቱ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች የባይደንን ፖሊሲ በመቃወም ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀሰቀሱ። ያንግኪንም ቴሪ ማኮሊፍን ከ60 ሺህ በሚበልጥ ድምፅ አሸነፉ። ልዩነቱን ለዚህ ቅስቀሳ ብቻ መስጠት ግን አያስኬድም፤ የትምህርት ቤቶች ጉዳይም ብርቱ መከራከሪያ ነበርና።

ይልቁንም ሊመረመር የሚገባው የመራጩ መመዘኛ ነው። አገረ ገዥ በውጭ አገር ላይ ማዕቀብ አይጥልም፣ አያነሣም። ስለዚህ ድምፁ፣ በእኔ ግምት፣ ሁለቱን እጩዎች ከማወዳደር ይልቅ ስማቸው በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ያልነበረውን ፕሬዚዳንት ለመቅጣት የዋለ ነው። ለፓርቲ ታማኝነት ነው እንዳይባል፣ ሪፐብሊካኑ ትራምፕ ግብፅ የህዳሴውን ግድብ ልታፈነዳው እንደምትችል ከተናገሩ ገና አንድ ዓመት ማለፉ ነበር። በምርጫ ጥናት መጠይቆች «የውጭ ፖሊሲ» ተብሎ የሚመዘገበው ምላሽ በደሃና ወይም በሰቆጣ እናቱ ላለችበት መራጭ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ መጠይቁ ሁለቱን አይለይም።